በጋራዡ ውስጥ የነበረው ማዕድ

ከአገር የወጣሁበት ምሽት ዝናብ ነበር። የጨንቻን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ገና ሳይወርድ ጉሙ በበር ይገባና እንደ ቤተሰብ እሳቱ አጠገብ ይቀመጣል። እናቴ ጎንበስ ብላ ቆጮ ትቆራርሳለች። እኔ አልበላም፣ እሷም "ብላ" አላለችኝም። ሻንጣ አልነበረኝም። የተማሪ ቦርሳዬ ውስጥ ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ መጽሐፍ ቅዱስና በላስቲክ የተጠቀለለ ዳጣ፣ የሚያቃጥለው የበርበሬ ማባያችን፣ ነበር። ዳጣውን ሞያሌ ሳልደርስ ጨረስኩት።

"ታምሩ ቤት የሽኝት ጸሎት አለ ብለውሃል፣ ሂድ እንጂ፣" አለችኝ።

"አንቺስ?"

"እኔ እዚሁ እጸልያለሁ። እግዚአብሔር የትም ቤት ሆኜ ይሰማኛል።"

ለምን አብራኝ እንዳልሄደች የአገሬ ሰው ይገባዋል። ለማያውቅ ግን መንገር አለብኝ። እናቴ ሸክላ ትሠራለች፤ እናቷም ትሠራ ነበር። በእኛ በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪው ማና ይባላል፣ አራሹና ሸማኔው ደግሞ ማላ ነው። ማላ ከማና አይጋባም፣ በአንድ ዕቃ አይበላም። እናቴ በሠራችው ድስት ወጥ ይሠራሉ፤ እሷን ግን ከወጡ ሲያካፍሏት ደጅ አቁመው በእንሰት ቅጠል ነው። በሕግ የተጻፈ አይደለም። ቀበሌውም ቤተ ክርስቲያኑም "ይህ ድሮ ቀርቷል" ይላሉ፣ እውነትም ብዙ ቦታ ቀርቷል። እኛ መንደር ሲቀር ግን አላየሁም።

አብሮኝ የሚሰደደው ታምሩ የማላ ልጅ ነው። አብረን ተማርን። አርባ ምንጭ ወርደን ሲቀላ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን ስንማር ደግሞ ከአንድ ሳህን በላን፤ እዚያ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ከሰሜን የመጣው የመሥሪያ ቤት ሰራተኛ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ተማሪ፣ ለሁሉም እኛ "የደቡብ ልጆች" ነን፣ በቃ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጫሞ አሣ ጥብስ እየበላን ከላይ ወዳለው ሴቻ ሰፈር ዳገቱን እንወጣና ሐይቆቹን ቁልቁል እያየን ስለ ደቡብ አፍሪካ እናወራ ነበር። ዓለም ዋንጫ እዚያ ሊደረግ ነው፣ ሥራ ሞልቷል የሚባልበት ጊዜ ነው። ትምህርታችንን ጨርሰን ጨንቻ ስንመለስ ግን ሰው ቤት ስንሄድ ታምሩ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እኔ በራፍ ላይ እቆማለሁ። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

የዚያን ዕለት ምሽትም እንዲሁ ሆነ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ጸለዩልን፤ እጃቸውን ታምሩ ራስ ላይ ጫኑ፣ ወደ እኔ ደግሞ ከሩቁ ዘረጉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ በጸሎቱ የእኔንም ስም ጠርተዋል። ምግቡ ሲመጣ ለእኔ በቅጠል ወጣልኝ፣ ቆሜ በላሁ። የታምሩ አባት አቶ አንጁሎ በመጨረሻ እስከ አጥሩ ሸኙኝ።

"ኤልያስ፣ አንተ ብልህ ልጅ ነህ። ልጄን አደራ፣" አሉኝ።

"እሺ ጋሼ።"

ልጃቸውን አምነው ሰጡኝ፤ ብርጭቆአቸውን ግን ሰጥተውኝ አያውቁም። ያኔ ይህን አላሰብኩም። ዝናቡ ነው ትዝ የሚለኝ።

ሌሊቱን አርባ ምንጭ ወርደን ሲነጋጋ ከሲቀላ በአይሱዙ ወጣን። ኮንሶን፣ ያቤሎን አልፈን ሞያሌ ገባን። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ብዙ ሰው ጽፎታል፣ ብዙ ሰውም ሞቶበታል፤ እኔ አላረዝመውም። ናይሮቢ ቤት ውስጥ ተቆልፎብን ከረምን። የጭነት መኪና ላይ በሸራ ስር እንደ በቆሎ ጆንያ ተደርድረን ታንዛኒያ ገባን፣ እዚያ ተያዝን። እስር ቤቱ ውስጥ ለብዙዎቻችን አንድ ባልዲ ኡጋሊ ይመጣል፤ ኡጋሊ ማለት የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ቅቤ የሌለው፣ ዳጣ የሌለው፣ ምንም ምንም የሌለው። ታምሩ ወባ ያዘው። ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን እያደረግሁ አጠጣሁት፣ ገንፎውን በጣቴ እያድቦለቦልኩ አጎረስኩት። ሲሻለው በጉልበቱ ተንበርክኮ ጮክ ብሎ ጸለየ። "ጌታ ሆይ፣ ስለ ወንድሜ ስለ ኤልያስ አመሰግንሃለሁ" አለ። ወንድሜ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። እስረኛው ሁሉ፣ ሶማሌውም የኮንጎው ሰውም፣ አሜን አለ።

ከእስር ተለቀን በመጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ስንገባ ለመቆየት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የእኛ ልጆች "አሳይለም" ይሉታል። ቢሮው ደጃፍ ከንጋት ጀምሮ ሰልፍ ነው። ከኋላዬ የቆመ አበሻ ጆሮዬ ስር መከረኝ፦ "የፖለቲካ ፓርቲ አለኝ በል። ፓርቲ ካላልክ አይሰሙህም።" እኔ ግን እንደዚያ ካለው መንገድ በሕይወት ያወጣኝን ጌታ ገና እያመሰገንኩ ነበርና መዋሸት ፈራሁ። ውስጥ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተቀምጣለች፣ አጠገቧ አማርኛ የሚያስተረጉም ልጅ አለ።

"ለምን ከአገርህ ወጣህ?"

"ጎረቤቶቼ አብረውኝ አይበሉም፣" አልኩ።

አስተርጓሚው ዞሮ አየኝ። "ይህን ልበልላት?"

"በልላት።"

አለላት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ማን ነው አብሮህ የማይበላው? መንግሥት ነው?"

"አይደለም። ጎረቤት ነው።"

"ይደበድቡሃል?"

"ኧረ በፍጹም። ሰላምተኞች ናቸው።"

"ቤታችሁን አቃጠሉ?"

"አላቃጠሉም። እንዲያውም ንፋስ ሲጥለው መጥተው አቁመውልናል። ሠርተው ሲጨርሱ ግን ምሳችንን አልበሉም።"

ሴትዮዋ የሆነ ነገር ተናገረች፤ አስተርጓሚው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ነገረኝ፦ "ይሄማ ስደተኛ አያሰኝህም ትልሃለች። ባለጌ ጎረቤት እኔም አለኝ ትላለች።"

ለማንኛውም ጊዜያዊ ወረቀት ሰጠችኝ። "ምን ብላ ጻፈች?" ብዬ ልጁን ብጠይቀው "ሥራ ፍለጋ" አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። አላዘንኩም፣ አልሳቅሁምም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ነገር እንዲሁ ሆነብኝ። ለረጅም ጊዜ ተጣጥፎ የተቀመጠ እግር ሲደነዝዝ አይታችሁ የለ? ትነኩታላችሁ፣ የእናንተ መሆኑን ታውቃላችሁ፣ ግን አይሰማም።

ከትልቁ ከተማ ራቅ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ጥቁሮቹ በሚኖሩበት "ሎኬሽን" በሚሉት ሰፈር ገባን። ሥራችን ብርድ ልብስና አንሶላ ተሸክሞ ቤት ለቤት በዱቤ መሸጥ ነው። አገሩ ሁሉ ነገሩ የተገላበጠ ነው። ገና በዓል ሙቀቱ የአርባ ምንጭን መጋቢት ያስንቃል፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ ሣሩ በአመዳይ ይነጣል። እኛ ዘንድ ዛፍ ስር ወድቆ ፍየል የሚረግጠው ማንጎ እዚህ በላስቲክ ተጠቅልሎ አንድ አንድ ይሸጣል። ሰው ሰላም ሲልህ ቆሞ ስለ ከብትህ፣ ስለ እናትህ አይጠይቅም፤ አውራ ጣቱን ያሳይህና ያልፋል። መጀመሪያ ይገርመኝ ነበር።

ቤት ያከራየችን ማማ ኖምሳ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እዚያ ትልቅ ሴትን ማማ ይሏታል። ክፍሉ ከቤቷ ጓሮ ነው።

"ስንት ናችሁ?" አለችን።

"ሁለት።"

"አበሻ ሁለት ሲል ስምንት ማለት ነው። አሁን እውነቱን ንገሩኝ።"

"በእውነት ሁለት ነን ማማ።"

"እሺ፣ ሁለቱ ስምንት ሲሆኑ ኪራዩ ይጨምራል።" ከዚያ ወደ ጓሮው ቧንቧ ወሰደችን። በሽቦ የታሰረ ጣሳ ተንጠልጥሏል። "ውሃ የምትጠጡት በዚህ ነው። የኔን ብርጭቆ እንዳትነኩ። እናንተ ሰዎች ምን በሽታ ይዛችሁ እንደምትመጡ አይታወቅም።"

ታምሩ ፊቱ ተለዋወጠ። "እኛን ምን አድርጋ ነው የምታየን?" አለኝ በአማርኛ፣ ክፍላችን ስንገባ። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። እኔ ተኛሁ፤ ጣሳው አልከበደኝም።

ከቤቷ ጎን መኪና የሌለበት ጋራዥ ነበራት። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ያንን ጋራዥ ለጸሎት አከራየችን። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከወላይታ፣ ከእኛም ከጋሞ የመጡ ልጆች ነን፤ የብርድ ልብስ ጆንያችንን ግድግዳ ጥግ አስደግፈን በጠርሙስ ሳጥን ላይ እንቀመጣለን። ሽማግሌያችን ጋሽ ዳንኤል የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ እሳቸውም በትከሻቸው ብርድ ልብስ ተሸክመው ይዞራሉ። በጸሎት ጊዜ ሁሉም በየቋንቋው ይጮሃል፤ ማማ ኖምሳ አንዳንዴ ግድግዳውን ትደበድባለች፣ "አምላካችሁ ደንቆሮ ነው እንዴ?" እያለች።

ከጸሎት በኋላ ማዕድ አለ። እህት ጽጌ የምትባል የዱራሜ ሴት ከበቆሎና ሰልፍ ሬዚንግ ከሚሉት፣ በራሱ ኩፍ ከሚል የስንዴ ዱቄት እንጀራ ትጋግራለች፤ ትሪው አንድ ነው፣ ትልቅ፣ ጎኑ የተቆላመመ። የመጀመሪያው እሁድ ሰው ሁሉ ከቦት ሲቀመጥ እኔ እጄ ወደ ኋላ ቀረ። ሆነ ብዬ አይደለም፣ ብቻውን ነው የቀረው።

"አንተ ልጅ፣ ምን ታቅማማለህ?" አለች ጽጌ። ጠቅልላ አፌ ውስጥ ከተተችው። "ጉርሻ አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል፤ እንካ ሁለተኛውን!"

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ እያላመጥኩ ወደ ታምሩ አየሁ። ታምሩ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ በየእሁዱ እንደዚያ በላን። ጸሎት መምራት ጀመርኩ። እንግሊዝኛ ስለምሞክር ታሞ ሆስፒታል የሚሄደውንም፣ ቢሮ የሚሄደውንም እየወሰድኩ አስተረጉማለሁ። ስለ ሰው ክብር ስንቱ ሲሰበክ ሰምቻለሁ፤ እኔ ክብር የሚባለውን ያወቅሁት ግን እዚያ ትሪ ላይ፣ ማንም ሳያስተውለኝ ስበላ ነው።

ከዚያ መሰለ መጣ። መሰለ የታምሩ የአጎት ልጅ ነው፣ ከመንደራችን። በመጣበት እሁድ ዘምረን፣ ስለ መንገዱ አመስግነን፣ ትሪው ተቀመጠ። መሰለ እጁን ዘርግቶ ሳለ ከትሪው ማዶ አየኝ።

"ኤልያስ? የሸክላ ሠሪዋ ልጅ?"

"አዎ፣ እንኳን ደህና መጣህ።"

እጁን ቀስ አድርጎ መለሰ። "ጾም ላይ ነኝ፣" አለ።

ጽጌ "እንዴ፣ አሁን ልትጎርስ አልነበር?" ብትለው "ረስቼው ነው" አላት። የጋሞ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። ብዙዎቹ ከሌላ ወረዳ፣ ከካምባም የመጡ ናቸው፣ አያውቁኝም ነበር። አሁን አወቁ።

በሚቀጥለው እሁድ ትሪው የለም። በምትኩ የላስቲክ ሳህን፣ አንድ ጊዜ በልተው የሚጥሉት፣ ተደርድሯል። "ለጤና ነው፤ ወንድሞች ናቸው ያመጡት፣" አለች ጽጌ። ለሁሉም ሰው እኩል ነው፤ ለእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ያስተውል ነበር። መሰለም በላ፣ ጾሙ አልቋል።

ያን ዕለት ወደ ክፍላችን ስንገባ ታምሩን ጠየቅሁት።

"የሳህኑን ነገር ታውቃለህ አይደል?"

ጫማውን እየፈታ ነበር። "አውቃለሁ።"

"ምንም አላልክም።"

"ምን ልበል? እህቴ ልትታጭ ነው ኤልያስ። መሰለ ለአባቴ ከደወለ፣ ወንድሟ ከማና ጋር በአንድ ትሪ ይበላል ከተባለ፣ የሚያጫት ልጅ ቤተሰቦች ይተዋታል። የእህቴን ኑሮ ላበላሽ?"

"እዚህ ክፍል ውስጥስ? በየቀኑ አብረን እየበላን አይደለም?"

"እዚህ ማን ያየናል?" አለኝ። ድምፁ የሚለምን ሰው ድምፅ ነው። ከዚያ ፓፕ ሠራ፤ ያው የበቆሎ ገንፎ ነው። ከአንድ ድስት በላን። እኔም በላሁ። መቆጣት ነበረብኝ። ፈለግሁት፣ ቁጣውን ውስጤ ፈለግሁት፣ አላገኘሁትም።

ጋሽ ዳንኤል ምንም አላወቁም። እሳቸውንም "ለጤና ነው" ብለዋቸዋል። በዚያው ወር ስለ ሰው ልጅ ክብር ሰበኩ፤ እግዚአብሔር ሰውን ከአፈር አበጀው፣ እንደ ሸክላ ሠሪ በእጁ አበጀው፣ በመልኩ አበጀው አሉ። ጋራዡ በአሜን ተናወጠ። የመሰለ አሜን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። እኔ እናቴ በአንድ ወቅት ያለችኝን አሰብኩ። ከጨንቻ ገበያ ያልተሸጠ ማሰሮ በጀርባዋ ተሸክማ ስትመለስ ነው። "እግዚአብሔር ሸክላ ሠሪ ነው ብለው ይዘምራሉ አይደል? እንግዲህ ቤታቸው እንግዳ ሆኖ ቢመጣ የት ነው የሚያስቀምጡት?" ብላ ሳቀች። ያኔ አብሬአት ስቄ ነበር። ስብከቱ አለቀ፣ የላስቲኩ ሳህን ታደለ።

ነገሩ የተነሣው በማማ ኖምሳ ነው። አንድ እሁድ ቧንቧው ተዘግቶ ስለነበር ጋሽ ዳንኤል ከስብከት በኋላ ጉሮሮአቸው ደረቀና የማማ ኖምሳን የወጥ ቤት በር አንኳኩ። ትንሿ የልጅ ልጇ በብርጭቆ ውሃ ሰጠቻቸው። ማማ ኖምሳ ከውጭ ስትገባ ሲጠጡ አየቻቸው። ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀብላ፣ እያዩዋት፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለችው።

ጉባኤው ተናደደ። መሰለ "ሰው አይደለንም እንዴ? ውሻ ነን?" እያለ ጮኸ። ታምሩም ጮኸ። ጋሽ ዳንኤል እንግሊዝኛ ስለማይችሉ እኔን ይዘው ሊያነጋግሯት ሄዱ።

"እኛም እንደ አንቺ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠርን ነን በላት፣" አሉኝ።

አልኳት።

ማማ ኖምሳ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "አውቃለሁ። እኔም ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። የእግዚአብሔር መልክ በጣሳ ይጠጣል በለው።"

"ምን አለች?"

ተረጎምኩላቸው። አንድ ቃል አልቀነስኩም።

"ክፋት አይደለም ወንድም፣" አለች ወደ እኔ ዞራ፣ ረጋ ብላ። "አልጠላችሁም። ስትታመሙ ሾርባ አልሰጠኋችሁም? ግን እንዲህ ነው ያደግነው፤ ሰው ሁሉ የየራሱ ዕቃ አለው።"

ይህንንም ተረጎምኩ። ወደ መንገዱ ወጣን። ጋሽ ዳንኤል ጥቂት ተራመዱና የግንብ አጥር ተደግፈው ቆሙ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዕንባቸው ወረደ።

"ሰው ለሰው እንዴት እንዲህ ይላል ልጄ? ምን ዓይነት ልብ ቢሆን ነው?"

ዝም ልል ነበር፤ ዝምታ የለመድኩት ነገር ነው። ግን አፌ በራሱ ተከፈተ።

"ጋሽ ዳንኤል፣ የላስቲኩ ሳህን ለምን እንደመጣ ያውቃሉ?"

"ለጤና ነው ብለውኛል።"

"የማማ ኖምሳም ጣሳ ለጤና ነው።"

ቀስ ብለው አዩኝ። ነገርኳቸው፦ እናቴ ማን እንደሆነች፣ መሰለ ለምን እንደጾመ፣ ታምሩ ለምን ዝም እንዳለ። ስናገር ስለ ሌላ ሰው የምናገር ይመስለኝ ነበር። ስጨርስ አጥሩ ስር፣ መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከተወለድኩ ጀምሮ ነው ጋሼ።"

"እኔ ስሰብክ እዚያ ተቀምጠህ ትሰማኝ ነበር።"

"እሰማዎት ነበር። ጥሩ ስብከት ነው።"

እጃቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። በልባቸው እየጸለዩ ይሁን እያፈሩ አላውቅም።

በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ ዳንኤል ቀድመው መጥተው ነበር። ጎኑ የተቆላመመው ትሪ መሃል ላይ ተቀምጧል። የላስቲኩን ሳህን ሁሉ በፌስታል ሰብስበው በር አጠገብ አኖሩት።

"ዛሬ ስብከት የለም፣" አሉ። "ባለፈው እሁድ አንዲት ሴት ብርጭቆዋን ስለጣለችብን አለቀስን። እኛ ደግሞ እዚሁ ተቀምጠን የወንድማችንን እጅ ስንጥል ከርመናል። እኔም አለሁበት፤ አለማወቄ አያድነኝም። ማዕዱ የጌታ ነው፣ ትሪው አንድ ነው። የሚበላ ይቅረብ። የማይበላውን አንረግመውም፣ በሰላም ይሂድ።"

ጽጌ መጀመሪያ ቀረበች፤ እያለቀሰች ነበር፣ የሳህኑን ነገር ያወቀችው ገና ያን ጊዜ ነው። የሆሳዕናና የወላይታ ልጆች ቀረቡ። ከጋሞም አንድ የካምባ ልጅ ቀረበ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ ከእኔ ጋር ብዙም አናወራም ነበር። መሰለ ጆንያውን አንሥቶ ወጣ፤ ጥቂቶች ተከተሉት።

ታምሩ ቆሞ ቀረ። ወደ ትሪው አየ፣ ወደ በሩ አየ። ስልኩ ሳይጮህ አውጥቶ ጆሮው ላይ አደረገና "ሄሎ" እያለ ወጣ።

በላሁ። ጋሽ ዳንኤል አጎረሱኝ፣ ጽጌ አጎረሰችኝ። የምስጋና ጸሎት አድርግ አሉኝ፣ አደረግሁ። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ቀን ነበር። ግን የእንጀራው ጣዕም አልመጣልኝም። ዓይኔ በሩ ላይ ነበር።

በሳምንቱ ታምሩ ዕቃውን ሸከፈ። ሌላ ከተማ፣ መሰለ ወዳገኘው ሱቅ ሊሄዱ ነው። በር ላይ ቆሞ "ኤልያስ፣ እኔ..." አለ። ጠበቅሁት። አልጨረሰውም።

"አባትህን ሰላም በልልኝ፣" አልኩት። "እዚህ በሰላም ደርሰሃል፣ አደራቸውን ተወጥቻለሁ በላቸው።"

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። እህቱ ተዳረች ሲባል በኋላ ሰማሁ። ደስ ይበላት፣ የእሷ ጥፋት የለበትም። እኛም በጋራዡ ቀጠልን፤ ቁጥራችን አነስ አለ፣ ትሪው ግን ተመልሶ አልተነሣም። ማማ ኖምሳም ጣሳዋን ከሽቦው አልፈታችም። አንዳንድ እሁድ ጋሽ ዳንኤል በጣሳው ይጠጡና "እሷም አንድ ቀን ትመጣለች፣ እኛም ቆይተን ነው የመጣነው" ይላሉ። ለእሷም እንጸልያለን፣ ለመሰለም እንጸልያለን። ለታምሩ ስጸልይ ግን ቃል ያጥረኛል፤ ስሙን ጠርቼ ዝም እላለሁ።

ለእናቴ ስልክ ልኬላታለሁ። ኔትወርክ የሚገኘው ዳገቱ ላይ ስለሆነ እሁድ ሰዓቱን አውቃ ወጥታ ትጠብቀኛለች። የምናወራው በጋሞኛ ነው። በደወልኩ ቁጥር የመጀመሪያ ቃሏ "መቼ ትመጣለህ?" ነው፤ እኔም "ወረቀቱ ይስተካከል" እላታለሁ። ባለፈው እሁድ ከማዕድ ወጥቼ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ደወልኩላት። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

"ብርድ ነው አሉ እናንተ ጋ፣" አለች።

"ብርድ ነው። እንደ ጨንቻ ነው፣ ጉሙ ብቻ የለም።"

"ጸለያችሁ?"

"አሁን ጨረስን።"

"በላህ?"

"በላሁ።"

ጠይቃኝ የማታውቀውን ጠየቀችኝ። "ሰዎቹ... አብረውህ ነው የሚበሉት?"

"አብረውኝ ነው እማ። አንድ ትሪ ላይ።"

"እጃቸውን ከእጅህ ጋር?"

"ከእጄ ጋር። ያጎርሱኛልም።"

ስታስነጥስ ይሁን ስታለቅስ ለይቼ አልሰማሁም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አጠገቧ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ "ታምሩም?" አለችኝ።

ውስጥ ጽጌ ትሪውን ስታጥብ ይሰማኛል።

"አዎ እማ። ታምሩም።"



"እንግዲያ አትምጣ፣" አለችኝ። "እዚያው ኑር ልጄ። አትምጣ።"

"እሺ፣" አልኳት።